ወረፋውን ያሳጠርሽው አንቺ ነሽ ወይስ ወባው አለቀ?

የዛሬዋ ደብዳቤ ጸሐፊ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ስሜም የጤና ጣቢያውም ስም ይቆይልኝ ብላለች። ይቆያል። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። መስከረም ላይ የካርድ ክፍልና የተመላላሽ ታካሚዎች አስተባባሪ ተደርጌ ተመደብኩ። ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋል። ካርዱ ወጥቶ ክፍል እስኪገባ ግማሽ ቀኑ ያልቃል። ጥቅምት ላይ ቆርጬ ተነሣሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተራ ቁጥር ጀመርኩ፣ ምልክቶች አስለጠፍኩ፣ የሁለቱን የካርድ መስኮቶች ሥራ ከፋፈልኩ፣ ካርድ አመላላሹን ልጅ ቦታ ቀየርኩ፣ የጠዋቱን ስብሰባ ወደ ከሰዓት አዛወርኩ። ታኅሣሥ ላይ ‹የታካሚ ጥበቃ ከሁለት ሰዓት ተኩል ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ወርዷል› ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንብቦ ‹ሁለት ሰዓት ተኩሉን ማን ለካው?› አለኝ። እውነቱን ለመናገር በግምት ነው። ‹ከቀነሰስ የቱ ነው የቀነሰው?› ሲለኝ አምስቱንም ዘረዘርኩለት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሞራሌ ወድቋል። ሠራተኞቹም ወደ ድሯቸው እየተመለሱ ነው፤ የተራ ቁጥሮቹን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸው አገኘኋቸው። ለውጥ ማምጣቱ ይቅርና፣ መጣ አልመጣ የሚባለው በምን ይታወቃል? ደግሞ ዘበኛችን አባባ ዘመድ በጎን ያስገባሉ። እሳቸውንስ ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ ከሳቁ ልጀምር። ሳቁ አያምርም። ሰው ለፍቶ ሪፖርት ይዞ ሲመጣ አይሳቅም። ጥያቄዎቹ ግን ወርቅ ናቸው። ስንት አለቃ አለ ሪፖርት ሳያነብ ፈርሞ ወደ ላይ የሚልክ! ያንቺው አንብቧል። ቁጥሩ ጋ ሲደርስም ቆሟል። እኔ እንዲህ ያለ አለቃ ቢኖረኝ ከአንድ ትልቅ ውሸት እተርፍ ነበር።

ውሸቱን ልንገርሽ። ጡረታ ሳልወጣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ገባ። ያኔ በየቢሮው ግድግዳ ላይ «ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ደቂቃ ይሰጣል» የሚል ሰንጠረዥ ይለጠፍ ነበር። ለኛ ክፍል የተጻፈለት አምስት ደቂቃ ነው። በየወሩ እናሳካዋለን። ወረቀቱን የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ ሰዓቱን መቼ ነው የምጀምረው? ባለጉዳዩ ፊቴ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ! ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ደረጃው ላይ የቆመው ሁለት ሰዓት የማንም ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ የውጭ በር ደርሷል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አምስት ደቂቃ። አንድ ቀን አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ተራ ደርሷቸው ተቀመጡ። ልጃቸው የተለጠፈውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «አምስት ደቂቃ?» አሉ። «ጎህ ሲቀድ ነው እኮ የመጣነው።» ማኅተሙን እየፈለግሁ አስመስዬ አቀረቀርኩ።

ስለዚህ ያንቺ ሰዓት የሚጀምረው የውጭ በሩ ላይ ይሁን። ካርድ መስኮቱ ጋ አይደለም፣ በሩ ላይ። የሚያበቃውስ? መድኃኒቱን ይዞ እስኪወጣ ብትይ ላቦራቶሪውና ፋርማሲውም ይገቡበታል፤ እነሱ ላይ ሥልጣን የለሽም። ለጊዜው ታካሚው መርማሪው ፊት እስኪቀመጥ ያለው ይበቃሻል። አንዴ ከወሰንሽ ግን መሀል ላይ አትቀይሪው። ቁጥር አላምር ሲል መጀመሪያውን ወደፊት ገፋ፣ መጨረሻውን ወደኋላ ሳብ ማድረግ ያምረናል። እኔ ስላደረግሁት አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ጥቅምትና ታኅሣሥሽ እንምጣ። እስቲ ቆም ብለሽ አስቢ። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ነው። ከተማችን ወይና ደጋ ብትሆንም ከደምቢያ ሜዳ የሚመጣው፣ በመተማ በኩል ለቀን ሥራ ወርዶ የተመለሰው፣ ሁሉም ትኩሳቱን ይዞ ወደናንተ ነው። (የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ከተማ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ቆላ ድባ አካባቢ ሰውን የፈጀው ወባ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው።) ታኅሣሥ ሲገባ ወባው ጋብ ይላል። ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ ካልጠናበት በቀር ሥራውን ጥሎ አይመጣም። ሰልፉ እኮ አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ብትቀመጪም ያጥር ነበር። ምን ያህል እንደሚያጥር ነው የማናውቀው። ወባው ነው ወይስ አንቺ? ሁለታችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ። ያለሽ ወረቀት ግን ሁለታችሁን አይለያችሁም።

ወሩ ብቻም አይደለም። ሰኞ እንደ ሐሙስ አይሆንም። ቅዳሜ ገበያ ነው። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ አለ። በበዓል ቀን እርሻ ስለማይያዝ ያኔ ወደ ከተማ የሚመጣ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ውሎ የሚቀርም አለ። እናንተ ጋ የቱ እንደሚበዛ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጥቅምት ላይ አንድ ሰኞ፣ ታኅሣሥ ላይ አንድ ሐሙስ አይተሽ ከሆነ ያነጻጸርሽው ቀናቱን ነው።

መውጫ አለው። መውጫውን ያስተማረኝ የአንድ ሐኪም ታሪክ ነው። ኢግናዝ ሰሜልዋይስ ይባላል፣ የሃንጋሪ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ቪየና ትልቁ ሆስፒታል ማዋለጃ ውስጥ ይሠራ ነበር። ማዋለጃው ሁለት ክፍል ነበረው። በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። በሁለተኛው አዋላጆች። በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች አንደኛው ክፍል ውስጥ እጅግ ይበዙ ነበር፤ ሴቶቹ ወደዚያ አታስገቡን ብለው እስከ መለመን ደርሰዋል። ሰሜልዋይስ ሲያስብ ሲያስብ ከርሞ አንድ ነገር አየ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ነው ወደ ምጧ የሚመጡት። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። እና እ.ኤ.አ. በ1847፣ ሜይ አጋማሽ ላይ፣ እጃችሁን በክሎሪን ውሃ ሳትታጠቡ እንዳትገቡ አለ። ኤፕሪል ላይ ከመቶ ወላዶች 18 ሞተው ነበር። ጁን ላይ 2።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ክሎሪኑ ነው። እኔ ግን የምወድለት ሌላ ነገር አለ። ሆስፒታሉ የወላዱንና የሟቹን ቁጥር ለዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ስለዚህ «ድሮው» ግምት አልነበረም። ደግሞም አጠገቡ ሁለተኛ ክፍል ነበረ። ወቅቱ ቢቀየር፣ ከተማው ውስጥ በሽታ ቢገባ፣ የሁለቱንም ክፍል ደጅ ያንኳኳል። አንደኛው ብቻ ሲለወጥ ነው ዓይን የሚገባው።

አንቺስ? ሁለት መስኮት አለሽ አላልሽኝም? አዲሱን አሠራር አንደኛው መስኮት ላይ ብቻ ጀምሪ። ሁለተኛው ለሦስት ሳምንት እንደ ድሮው ይቆይ። የተራ ቁጥር 1፣ 3፣ 5 የያዘ ወደ አንደኛው፤ 2፣ 4፣ 6 የያዘ ወደ ሁለተኛው። አደራ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ወደሚፈጥነው፣ አዲስ ታካሚ ሲመጣ ወደ ሌላው እያላችሁ አታቀላቅሉት። ያን ጊዜ የምታወዳድሩት ሰዎቹን ይሆናል። ምጥ የያዛትና ድንገተኛ ታካሚ እንደተለመደው ቀጥታ ይግቡ፤ ቆጠራው ውስጥም አይግቡ።

አለካኩ ቀላል ነው። ሁሉንም ሰው አትለኪ፤ በሦስተኛው ቀን ይሰለችሻል። በየአሥረኛው ታካሚ የተራ ወረቀት ላይ በሩ የገባበት ሰዓት በእርሳስ ይጻፍ። ክፍል ሲገባ የሚቀበለው ሰው የገባበትን ጽፎ ወረቀቱን ያስቀራል። ቁጥሩ 10፣ 20፣ 30 እየሆነ ሁሉም ሁለተኛው መስኮት ላይ እንዳይወድቅብሽ ግን ተጠንቀቂ፤ አንድ ቀን በ5 የሚያልቁትን፣ አንድ ቀን በ10 የሚያልቁትን ማድረግ የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን በየቀኑ ከሁለቱም መስኮት እኩል ብዛት ያለው ወረቀት ብትይዢ ይሻለኛል። ማታ ላይ የየመስኮቱን ደቂቃዎች ከትንሹ ወደ ትልቁ ትደረድሪና መሀል ላይ የተቀመጠውን ትወስጃለሽ። አማካዩን አይደለም። ለምን? አምስት ሰዎች 30፣ 35፣ 40፣ 45 እና 200 ደቂቃ ጠበቁ እንበል። አማካዩ 70 ነው። ከአምስቱ ግን 70 ደቂቃ አካባቢ የጠበቀ አንድም ሰው የለም! መሀለኛው 40 ይልሻል፤ እሱ ነው ለብዙዎቹ የሚቀርበው። 200 ደቂቃ የጠበቀውን ደግሞ እንዳትጥዪው። ለብቻው ጠርተሽ ምን ገጠመህ በይው። ዋናው ትምህርት ብዙውን ጊዜ እሱ ጋ ነው።

ከዚያ ካሬ ወረቀት ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። አግድም ቀኖቹ፣ ሽቅብ ደቂቃዎቹ። ላንደኛው መስኮት ቀይ ነጥብ፣ ለሁለተኛው ሰማያዊ። ኮምፒዩተር አያስፈልግሽም፤ መብራትም ቢጠፋ ነጥቡ አይጠፋም። የዚህ ነገር አባት ዋልተር ሸዋርት የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የስልክ ዕቃ ለሚሠራ ድርጅት ነው ያወጣው። ሐሳቡን ደሚንግ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ወስዶ አስተማረው። ከጃፓን ዞሮ ዞሮ ካይዘን፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ዘዴ፣ ተብሎ እኛ ጋ ደረሰ።

ነጥቦቹ ይዘላሉ። ዛሬ ወርዶ ነገ ይወጣል። አንድ ቀን ሲወርድ አታጨብጭቢ፤ ሲወጣም ሰው አትቆጪ። ለውጥ ከመጀመርሽ በፊት የሁለት ሳምንት ነጥብ ይኑርሽና መሀለኛው ላይ መስመር አስምሪ። ከለውጡ በኋላ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ተከታትሎ ከመስመሩ በታች ከዋለ፣ አዎ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል ማለት ትችያለሽ። ሁለትና ሦስቱ የዕድል ነገር ነው። ሳንቲም ወርውረሽ ሁለት ጊዜ ዘውድ ሲመጣልሽ ሳንቲሙ ተለወጠ አትዪም አይደል።

እዚህ ላይ «ታዲያ የቱን ለውጥ ልጀምር?» ትያለሽ። አምስቱንም አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ያንቺ መሳቢያ ምስክር ነው። ደግሞም አምስቱ አንድ ላይ ከሠሩ የትኛው እንደሠራ አታውቂም፤ አንድ ላይ ከከሸፉም ደህናውን ከመጥፎው ጋ ትጥዪዋለሽ። አለቃሽ የሳቀው ለዚህ ይመስለኛል።

አንዱን ለመምረጥ ሰዓቱ የት እንደሚበላ ቁጠሪ። አንድ ወረቀት ውሰጂና ርእስ ጻፊበት፦ ስሙ አልተገኘም፣ ካርዱ ቦታው ላይ የለም፣ የጤና መድን መታወቂያው አልታደሰም፣ አመላላሹ አልነበረም፣ ክፍሉ ውስጥ መርማሪ የለም። ካርድ አውጪዋ ሥራ በተያዘባት ቁጥር አንድ ሰረዝ ትጣል። አራት ቁም፣ አምስተኛው አግድም። በሳምንቱ የበዛው ሰረዝ ያለበትን ያዢ።

እኔ ግምት አለኝ። ግምት ስልሽ እንደ ሁለት ሰዓት ተኩልሽ ዓይነት ግምት ነው፣ እንግዲህ ሰረዙ ይፍረደኝ። አንድ ጠዋት እህቴን ይዤ የሆነ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። አንድ አዛውንት መጡ። ነጭ ጋቢ፣ በእጃቸው ዱላ። የካርድ መታወቂያቸውን ቤት ረስተውታል። ልጅቷ ስም ጠየቀች። «ኃይሉ» አሉ። ልጅቷ መሳቢያውን ስባ ሀ ላይ ፈለገች። የለም። ሐ ላይ ፈለገች። የለም። «አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት እዚህ ታክመው ያውቃሉ?» «ምን ማለትሽ ነው፣ አምና በጥር እዚህ ነው የተኛሁት።» ከአዛውንቱ ኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል። በመጨረሻ አዲስ ካርድ አወጣችላቸው። እኔ ከተቀመጥኩበት ኀ ላይ አላየችም ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አዛውንቱ አሁን ሁለት ካርድ አላቸው። የአምናው ሕመማቸው አንደኛው ውስጥ ነው፣ የዘንድሮው ሌላኛው ውስጥ። ሐኪሙ ያየው ባዶውን ነው።

ፊደላችን ውብ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ግን ጣጣ አለው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰና ሠ። አና ዐ። ጸና ፀ። አንዷ ጸሐፊ ዓለሙን በዐ ትጽፈዋለች፣ ሌላዋ በአ። ሐምሌ ላይ የተቀጠረው ደግሞ እንደ ስሜቱ። የክርስትና ስም ሲጨመርበት አስቢው፤ እናቴ ሆስፒታል ሲጠይቋት የጠዋት ስሟ ሌላ፣ የማታዋ ሌላ ነበር። የአያት ስም ያልተጻፈበትም አለ። ለነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በአንድ መሳቢያ አንድ ላይ መደርደር፣ የአያት ስም ሳይጽፉ ካርድ አለመክፈት፣ የስልክ ቁጥር ካላቸው እሱንም መያዝ። ገንዘብ አይጠይቅም። ኮሚቴ አይጠይቅም። ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ይጠይቃል። ሰረዙ እዚያ ከበዛ እሱን ጀምሪ። ካልበዛ እኔን እርሺኝና የበዛውን ተከተይ። መሳቢያው የጋራ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን መስኮት መለየት አይቻልም፤ ያኔ ካርድ የረሱትን ሁሉ አንደኛው መስኮት ጋ በአዲሱ መሳቢያ መሞከር ሳይሆን ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ነጥብ ማየት ይሆናል መንገድሽ። የወባ ወቅት እስካልገባበት ድረስ ያም ደህና ነው።

የፈጠነ ነገር ሁሉ ደግሞ የሆነ ነገር ይጥላል። ሰልፉ ሲያጥር ምን እየተዘለለ እንደሆነ እዪ። በሳምንት አሥር ካርድ ዝም ብለሽ ምዘዢና ክብደት፣ ሙቀት፣ የደም ግፊት ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቺ። ሰልፉ አጥሮ ግፊት መለካት ከቀረ እኔ ከነሰልፉ ይሻለኛል።

ስለ መሳቢያው። ብዙ ያሰብኩት በዚህ ነው። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሳኒተሪያን፣ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ፣ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ገጠር ለገጠር ሲዞሩ የኖሩ። ሽንት ቤት አስቆፍሩ ሲባል ሁሉም ይቆፍራል፣ ቁጥሩም ወደ ወረዳ ይሄዳል። እሳቸው ግን ግቢ ሲገቡ ሽንት ቤቱን አይጠይቁም ነበር። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ነው የሚያዩት። ተረግጦ አፈሩ ከወጣ ቤተሰቡ ይጠቀምበታል። ሣር ከበቀለበት፣ በሩም ላይ ሸረሪት ካደራ፣ የተቆፈረው ለሪፖርት ነው። ያንቺ አምስት ለውጦች ተቆፍረዋል። መሳቢያ ውስጥ ያገኘሻቸው የተራ ቁጥሮች ሣሩ ናቸው።

በሣሩ አትናደጂ። ካርድ አውጪዋን ቡና ጋብዣትና ጠይቂያት። «ለምን አልተጠቀምሽበትም?» ብለሽ ሳይሆን «ምን አስቸገረሽ?» ብለሽ። ምናልባት ቁጥሩን መልሶ መሰብሰብ ጣጣ ሆኖባት ይሆናል። ምናልባት ከሰልፍ ጋ ስትጨቃጨቅ አንቺ ከጎኗ አልነበርሽም ይሆናል። አመላላሹንም ልጅ «ቦታ ቀየርኩት» ነው ያልሽው፤ ጠየቅሁት አላልሽም። በቀን ስንት ጊዜ ከካርድ ክፍል ክፍሎቹ ድረስ እንደሚመላለስ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ነጥቡን ግድግዳው ላይ የሚጥለው እሱ ይሁን። ማታ ማታ ደቂቃዎቹን ደርድሮ መሀለኛውን ማውጣት ይችላል፣ አታስቢ።

አምስቱን ማዎች ታውቂያቸዋለሽ፤ የካይዘን ሥልጠና ያልገባ የመንግሥት ሠራተኛ የለም መቼም። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። አራቱ በአንድ ወር ዘመቻ ይሠራሉ፣ ፎቶም ይነሣባቸዋል። አምስተኛው ላይ ነው ሁላችንም የምንቀረው። ያ ሰሜልዋይስ እንኳን እዚያው ነው የቀረው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1849 አልታደሰለትም። ከቪየና ወጣ። መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ነው፤ ክሎሪኑን ካስጀመረ ከ14 ዓመት በኋላ። አልሰማ ያሉትን ሐኪሞች ነፍሰ ገዳዮች እያለ ደብዳቤ ይጽፍባቸው ነበር። በ1865 የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። ከመቶ 18ን 2 ያደረገ ሰው። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ቁጥር ይዞ ሰው ላይ መጮህ የት እንደሚያደርስ እንድታዪው ነው። በግድግዳው ነጥብ ሠራተኛ አይገምገምበት። የገባበት ሰዓት የሚጻፈው በእርሳስ ስለሆነ፣ ከተገመገመበት ቀን ጀምሮ ላጲስም እንዳለ አትርሺ።

ኃላፊሽ ጋ ተመለሽ። «ሁለት ሰዓት ተኩሉ ግምት ነበር፤ ጥያቄዎ ልክ ነው» በይው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ምንም ሳልለውጥ ልለካ፣ ቀጥዬ አንድ ነገር ልለውጥ ብለሽ ጠይቂ። የለጠፍሻቸውን ምልክቶች አታውርጂ፤ ማንንም አይጎዱም። የቀረው እንዳለ ይሁን፤ ዛሬ ያለው ነው ያንቺ «ድሮ»። ነገር ግን በጥምቀት ሳምንት እንዳትጀምሪ። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ግማሹ ሠራተኛ ፋሲል መዋኛ ሆኖ የሚጣል ነጥብ ምንም አይነግርሽም። ቃና ዘገሊላ አልፎ አንድ ሳምንት ይቆይ።

ዘበኛው አባባስ? እሳቸውን አትክሰሺያቸው። ሰዓቱ የሚጀምረው በሩ ላይ ነው ተባብለናል፤ በሩ ደግሞ የሳቸው ነው። የተራ ቁጥር የሚሰጡት እሳቸው ይሁኑ። የገባበትንም ሰዓት የሚጽፉት እሳቸው። ጽሕፈት ካስቸገራቸው በሰዓት በሰዓቱ የወረቀቱ ቀለም ይቀየር። መስኮቶቹ ቁጥር የሌለውን ላለማስተናገድ ይስማሙ። አባባ ዘመዳቸውን ሲያስገቡ ቁጥር 4ን ቢሰጡት፣ የጠዋቱን አራተኛ ሰው ምን ሊሉት ነው? እዚያው ፊታቸው ቆሟል። አቅመ ደካማ ለሆነ፣ ሕፃን ላዘለች እናት ደግሞ በቀን አምስት ቀይ ወረቀት ስጫቸውና እንደ ፍርዳቸው ያድሉት፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ከኔና ካንቺ የተሻለ ያዳላሉ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ካርድ ክፍል ያለውን የግድግዳ ሰዓት አውርጂና ማማው ውስጥ ስቀዪላቸው። እኔ እንደማውቃቸው የጤና ጣቢያ ሰዓቶች 4:20 ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ወደ ፒያሳ ስትወጪ ባትሪ ግዢ።